የጀልባዬ እንጨት ቫርኒሽ ለምን ቶሎ ይላጣል? ምንስ ልቀባው?

ጥያቄ፦ «የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ባለፈው ዓመት አናፖሊስ የቆመች 30 ጫማ የሸራ ጀልባ ገዛሁ። የ1980ዎቹ ሥሪት ናት። አካሏ ፋይበርግላስ ቢሆንም ውጭዋ ላይ ብዙ ቲክ እንጨት አለባት። ዳር ዳሯን የሚዞረው ጠርዝ፣ ጣሪያዋ ላይ ያሉት የእጅ መያዣዎች፣ መቀመጫዎቹ፣ የመሪው እጀታ፣ መግቢያው ላይ የሚደረደሩት ሳንቃዎች ሁሉ እንጨት ናቸው። ስገዛት ቫርኒሹ ተላልጦ ነበር። ጁን ላይ ላዩን በብርጭቆ ወረቀት አሸት አሸት አድርጌ፣ ከሃርድዌር መደብር የገዛሁትን ፖሊዩሬቴን የሚባል ግልጽ ቅብ ሁለት እጅ ቀባሁት። ኦክቶበር ሳይገባ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ይነሳ ጀመር። ሥሩ ደግሞ ጥቁር ነጠብጣብ አለው። አዲስ አበባ ያለው አጎቴ አናጢ ነው፤ ‹በጎማላካ ጨርሰው› ይለኛል። አጠገቤ ጀልባውን የሚያቆመው ሰውዬ ‹ቲክ ኦይል ብቻ› ይላል። ሌላው ደግሞ በግፊት ውሃ እጠበው አለኝ። ሥራና ልጆች አሉብኝ። አንድ ጊዜ ተቀብቶ ለዓመታት የሚገላግለኝ የትኛው ነው?»

ምላሽ፦ አንድም የለም። ከዚህ ልጀምር፤ ያለፈው ሰመር ድካምዎ የባከነው በዚህ ተስፋ ነውና። ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ለሚመታው የጀልባ እንጨት፣ ተቀብቶ የሚረሳ ነገር እስካሁን አልተሠራም። ጣሳው ላይ የተጻፈው ምንም ይበል። ቅብ ከመምረጥዎ በፊት ራስዎን የሚጠይቁት ሌላ ጥያቄ አለ፦ በዓመት ስንት ቅዳሜ ልሰጠው እችላለሁ? ሥራና ልጆች እንዳሉብዎ ነግረውኛል። ከዚህ በታች የምመክርዎ ሁሉ ያንን ታሳቢ አድርጎ ነው።

አብዛኛው ሰው ቫርኒሽን የሚልጠው ውሃ ይመስለዋል። ውሃ ኋላ ነው የሚመጣው። ነገሩን የምትጀምረው ፀሐይ ናት። እንጨት ቃጫዎቹን አጣብቆ የሚይዝለት ሊግኒን የሚባል ነገር አለው። የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር ይህን ሊግኒን ይሰባብረዋል። ቫርኒሽ ደግሞ ግልጽ ነው፤ የምንቀባውም እንጨቱ እንዲታይ ብለን ነው። እንጨቱን ለዓይናችን የሚያሳይ ቅብ ጨረሩንም በከፊል ያሳልፋል። ከላይ ሲያዩት ያብረቀርቃል፣ ምንም ያልሆነ ይመስላል። ከሥሩ ግን የተጣበቀበት ስስ የእንጨት ሽፋን እየደቀቀ ነው። ውሎ አድሮ ቫርኒሹ የሚይዘው ያጣል።

ያኔ ውሃው ይከተላል። በመጋጠሚያው፣ በብሎኑ ዙሪያ ወይም በአንዲት ጭረት በኩል ይገባል። እንጨት ውሃ ሲጠጣ ወደ ጎን ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል። የገባው እርጥበት መውጫ ስለማያገኝ ቫርኒሹን ከሥር ገፍቶ ያነሳዋል። ያዩት ጥቁር ነጠብጣብ በአብዛኛው በዚያ እርጥበት ላይ የበቀለ ሻጋታ ነው። በብሎን ዙሪያ ብቻ ተከማችቶ ከሆነ ግን ከብረቱ የወጣ እድፍ ሊሆን ይችላል። ሁለቱን መለየቱ ቀላል ነው። እድፉ ላይ አንድ ጠብታ በውሃ የቀጠነ በረኪና ያድርጉ። ከነጣ ሻጋታ ነው። ካልነጣ የብረት እድፍ ነው፤ እሱን የሚያነሳው ኦክዛሊክ አሲድ ነው። ታዲያ አደራ፣ በረኪናና አሲድ በአንድ ባልዲ ወይም በአንድ ቦታ ላይ እንዳይገናኙ። የሚወጣው የክሎሪን ጋዝ ሳንባ ያቃጥላል። አንዱን ተጠቅመው ወደ ሌላው ከመሄድዎ በፊት በብዙ ውሃ ያጥቡት። ኦክዛሊክ አሲድ ራሱ መርዛማ ስለሆነ ያለ ጓንትና ያለ መነጽር አይንኩት።

የፀሐዩን ነገር አዲስ አበባ ያደገ ሰው ያውቀዋል። ከተማው ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ነው፤ ጨረሩ ጀልባዎ ካለችበት ከቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ ይብሳል። ቀኑን ሙሉ ፀሐይ የሚመታው የእንጨት በር ላይ የተቀባ ቫርኒሽ ምን እንደሚሆን አጎትዎን ይጠይቋቸው።

አሁን ወደ ቀቡት ፖሊዩሬቴን። ጥፋቱ አንድ ብቻ አይደለም። ከሃርድዌር መደብር የሚገዛው ተራ ፖሊዩሬቴን ለወለልና ለጠረጴዛ የተሠራ ነው። ጫማ እንዳይጭረው ተብሎ እንዲጠነክር ተደርጓል። ጥንካሬው ውጭ ላይ ጠላቱ ነው፤ እንጨቱ ሲያብጥና ሲኮማተር አብሮት መሳሳብ አይችልም፣ ይሰነጠቃል። የቤት ውስጥ ቅብ ስለሆነም ጨረሩን የሚያቅብ ነገር አልተጨመረበትም። ሁለተኛው ጥፋት አሮጌውን ቫርኒሽ አሸት አሸት አድርገው ላዩ ላይ መቅባትዎ ነው። ሥር የለቀቀ ቅብ ላይ የተቀባ አዲስ ቅብ ከአሮጌው ጋር አብሮ ይነሳል። ሦስተኛው ቲክ ራሱ ነው። ቲክ በተፈጥሮው ቅባት አለው። መበስበስን የሚቋቋመውም በከፊል በዚያ ቅባት ነው። ቅባቱ ካልተጠረገ ግን ምንም ቫርኒሽ በደንብ አይይዘውም።

ጎማላካስ? አጎትዎ የተናገሩት ለሚያውቁት ሥራ ልክ ነው። ለሳሎን ወንበርና ለቁም ሳጥን ጎማላካን የሚያህል ውበት ያለው አጨራረስ ጥቂት ነው። ነገር ግን ጎማላካ ከነፍሳት የሚገኝ፣ በአልኮል የሚሟሟ ሙጫ ነው። ውሃ ሲያርፍበት ይነጣል፣ ሙቀት ሲያገኘው ይለሰልሳል። ጀልባ ላይ የመጀመሪያው ዝናብ ጉድ ይሠራዋል። ውጭው ላይ በጭራሽ አይሞክሩት።

የጎረቤትዎ ቲክ ኦይልም ስሙ አያታልልዎ። ጣሳው ውስጥ ያለው ከቲክ ዛፍ የወጣ ዘይት አይደለም። በአብዛኛው የተልባ ዘይት ወይም ተንግ ኦይል በማቅጠኛ ተበጥብጦ ነው። የተቀባ ዕለት እንጨቱ እንደ አዲስ ይሆናል፤ ሰው ሁሉ የሚወደውም ለዚያ ነው። ሰመር ላይ ግን ከጥቂት ሳምንታት እስከ ሁለት ወር ቢቆይ ነው። ከዚያ ይጠቁራል፤ አቧራ ይይዛል። የተልባ ዘይት ለሻጋታ ምግብ ነው። በየወሩ መቀባት የማይሰለቸው ሰው ይቀባ። እርስዎ ግን ያ ሰው አይደሉም።

የግፊት ውሃውን ነገር ጠበቅ አድርጌ ልናገር። ቲክ ላይ የግፊት ውሃ አይጠቀሙ። በቃ። የእንጨቱ ዓመታዊ ቀለበት ለስላሳና ጠንካራ ክፍል አለው። የግፊት ውሃ ለስላሳውን እየቦረቦረ ያወጣና ጠንካራውን ብቻ ያስቀራል። ጠርዟን አንድ ጊዜ ጥፍርዎን በጅማቱ ላይ አግድም እየጎተቱ ይሞክሯት። ጥፍርዎ ጉብ ዝቅ እያለ የሚንኮራኮር ከሆነ ከእርስዎ በፊት የነበረው ሰው ያንን አድርጎባታል ማለት ነው። ያንን ለማስተካከል ፍቀው ደልዳላ ማድረግ ይኖርብዎታል፤ ያኔ ደግሞ ተጨማሪ እንጨት ይሄዳል። በአሲድና በሶዳ ሁለት ጠርሙስ ሆነው የሚሸጡት ብርቱ ማጽጃዎችም ቀስ ብለው ያንኑ ይሠራሉ። ቲክ ደግሞ ተፍቆ የሚጣል ዕቃ አይደለም። ስመ ጥሩ ቲክ የሚመጣው ከምያንማር ነው። አሜሪካ ኤፕሪል 2021 የምያንማርን የመንግሥት እንጨት ድርጅት ማዕቀብ ውስጥ ካስገባች ወዲህ በሕጋዊ መንገድ ማግኘቱ ብሶበታል። ጀልባዎ ላይ ያለችው ስስ እንጨት ቅርስ ናት። በቁጠባ ይያዟት።

እንግዲህ በእጅዎ ያሉት መንገዶች አራት ናቸው ማለት ይቻላል።

አንደኛው ምንም አለመቀባት ነው። ብዙ ሰው ይህን ስንፍና ይለዋል። እኔ ለቲክ ብዙ ጊዜ የምመርጠው ይህን ነው። ቲክ ሳይቀባ ቢተው ወደ ብርማ ግራጫ ይቀየራል። ግራጫው ፀሐይ የመታችው ስስ የላይ ሽፋን ብቻ ነው፤ ከሥሩ እንጨቱ ጤነኛ ሆኖ ለብዙ ዓመት ይኖራል። ሥራው ማጠብ ብቻ ነው። የባሕሩን ውሃ በባልዲ ቀድተው፣ በለስላሳ ብሩሽ ወይም በስፖንጅ፣ ከጅማቱ አቅጣጫ አግድም ማሸት። አግድም የምልዎ በጅማቱ ልክ ካሹት የብሩሹ ፀጉር ለስላሳውን ክፍል እየቆፈረ ስለሚያወጣ ነው። የሽቦ ብሩሽና የብረት ሱፍ ወደ ጀልባዋ አይቅረቡ፤ የሚቀሩት ደቃቅ ሽቦዎች ዝገው በጀልባዋ ሙሉ ነጥብ ነጥብ ይተዉልዎታል።

ሁለተኛው ሲለር የሚባለው ነው፤ ሴምኮን የመሰሉት። እንደ ውሃ ቀጭን ነው፣ ሽፋን አይሠራም፣ ስለዚህ አይላጥም። ቀለሙን ለጥቂት ወራት ይጠብቃል፤ ሲደክም አጥቦ ደግሞ መቀባት ነው። መጥፎ አይደለም። ግን በዓመት ሁለት ሦስት ጊዜ ይፈልግዎታል።

ሦስተኛው ሴቶልን የመሰለ፣ ቀለም ያለው ግን እንጨቱን የማይሸፍን ቅብ ነው። ውስጡ ያለው ቀለም ጨረሩን ስለሚያግድ ከግልጽ ቫርኒሽ ይልቅ ታጋሽ ነው። ሦስት እጅ ይቀባል፤ ከዚያ በየዓመቱ በትንሹ አሸት አድርጎ አንድ እጅ መጨመር ይበቃል። ነቀፋው መልኩ ነው። በተለይ የቀድሞው ዓይነት ወደ ብርቱካን ይሄዳል፤ ባሕር ዳር ያሉ ሰዎች ያሾፉበታል። አሁን ቀለል ያለ ቀለም ያለውም አለ፤ የሚገዙ ከሆነ እሱን ይግዙ።

አራተኛው እውነተኛው የባሕር ቫርኒሽ ነው። ዘይቱ የበዛ፣ ስለዚህ ከእንጨቱ ጋር የሚሳሳብ፣ ጨረር የሚያቅብ ነገር የተጨመረበት። በውበት የሚደርስበት የለም። በሥራም እንደዚያው። ቢያንስ ስድስት እስከ ስምንት እጅ ይፈልጋል። ውፍረት ከሌለው ጨረሩን አይመክትም። ከዚያ በኋላም በዚህ አካባቢ ፀሐይ ላይ የሚውል ከሆነ በዓመት አንዴ፣ ከተቻለ ሁለት ጊዜ፣ ሳይላጥ በፊት አሽቶ አንድ ሁለት እጅ መጨመር ግድ ነው። አንድ ዓመት ካለፈዎት ዘንድሮ የደረሰብዎት ይደርስብዎታል።

አምስተኛም አለ የሚሉ አሉ፤ ከሁለት ጣሳ የሚቀላቀለው ግልጽ ቅብ። ባለሙያ በትክክል ከሠራው ረጅም ጊዜ ይቆያል። ግን አይሶሳያኔት የሚባል ለሳንባ አደገኛ ኬሚካል ስላለበት በተራ ማስክ የሚሠራ አይደለም። ውሃ ከሥሩ ከገባ ደግሞ ማስለቀቁ አበሳ ነው። ከቫርኒሽ በፊት ኤፖክሲ (ከሁለት ፈሳሽ ተቀላቅሎ የሚጠነክር ሙጫ) መቀባትንም እንዲሁ ለቲክ አልመክርም። ኤፖክሲ ራሱ ፀሐይ አይችልም። ሲለቅ እንጨቱን ይዞ ነው የሚለቀው።

ለእርስዎ የምመክረው አንድ ዓይነት ቅብ ለሁሉም አይደለም። በየክፍሉ ነው።

ዳር ዳሯን የሚዞረውን ጠርዝና መቀመጫዎቹን አይቀቡ። ያለውን ቅብ አስለቅቀው ግራጫ እንዲሆኑ ይተዉዋቸው። ጠርዙ ላይ ውሃ ይተኛል፣ ገመድ ይፈትገዋል፣ የሚያቆሙበት እንጨት ይገጨዋል፤ እዚያ ላይ ቫርኒሽ ማቆየት ደሞዝ የሚከፈለው ሰው ይፈልጋል። መቀመጫና የሚረገጥ እንጨት ላይ ቫርኒሽ ደግሞ አደጋ ነው። ሲረጥብ ያንሸራትታል። ልጆች ይዘው ይወጣሉ ብዬ እገምታለሁ።

የእጅ መያዣዎቹ ላይ ከቅቡ በፊት የሚያሳስበኝ ሌላ ነገር አለ። በዚያ ዘመን የተሠሩ ብዙ ጀልባዎች ጣሪያ ሁለት ስስ ፋይበርግላስ ሆኖ መሐሉ ባልሳ ወይም ኮምፔንሳቶ እንጨት ነው። መያዣዎቹ በዚያ በኩል በብሎን የታሰሩ ናቸው። የአርባ ዓመት ማሸጊያ ደርቆ ከሆነ በብሎኑ ቀዳዳ ውሃ ወደ መሐል ይገባል። መሐሉ ከበሰበሰ ጥገናው ከቫርኒሽ ጋር የሚወዳደር ወጪ አይደለም። ከዝናብ በኋላ ውስጥ ገብተው በብሎኖቹ ሥር ጣሪያውን ይዳብሱ። ቡናማ የውሃ መስመር ካዩ፣ ወይም ጣሪያውን ከላይ በካቻቢቴ እጀታ መታ መታ ሲያደርጉት ድምፁ ከሌላው ቦታ የታፈነ ከሆነ፣ ቅቡን ይተዉትና ባለሙያ ይጥሩ። ደህና ከሆነም መያዣዎቹን አንድ ጊዜ ፈትተው በአዲስ ቢዩቲል ቴፕ (ውሃ በማያሳልፍ ተጣባቂ ማሸጊያ) መልሰው ይግጠሟቸው። ከተፈቱ አይቀር ደግሞ ቤት ወስደው ሥራቸውንም ጭምር ሦስት እጅ ሴቶል ይቀቧቸው። ከዚያ በየዓመቱ ሜይ ላይ አንድ ቅዳሜ ይበቃዎታል።

ቫርኒሽ የሚገባው ለመሪው እጀታና ለመግቢያው ሳንቃዎች ነው። ሁለቱም ተነቃይ ናቸው። በብርዱ ወራት ቤት ይመጣሉ፤ ነፋስ፣ ጤዛና ትንኝ በሌለበት ጋራዥ ውስጥ ተረጋግተው ይሠሯቸዋል። ጀልባዋ ላይ የሚወጣ ሰው መጀመሪያ የሚያየውና የሚነካውም እነሱን ነው። አንዷ እጀታ በደንብ ካማረች ግራጫው ጠርዝ ሆን ተብሎ የተተወ ይመስላል። ይህን የዘርፉ ሰዎች ሁሉ ያውቁታል፤ በአደባባይ ግን አይናገሩትም።

ሥራው እንዲህ ነው። አሮጌውን ቅብ በሙሉ ያንሱ። ሞቃት አየር በሚነፋ መሣሪያና በተሳለ መፋቂያ በቀላሉ ይነሳል፤ ቅቡ ሲለሰልስ ነው የሚፋቀው፣ እስኪጨስ አይጠብቁ። ጀልባዋ ላይ ሆነው ጠርዙን ሲያስለቅቁ ሙቀቱን ከፋይበርግላሱ ያርቁ፤ ያቃጥለዋል። የኬሚካል ማስለቀቂያም ፋይበርግላሱን ይበላል። በነገራችን ላይ ድሮ ሁሉም የሚያውቀው ሜቲሊን ክሎራይድ ያለበት ብርቱ ማስለቀቂያ በ2019 አሜሪካ ውስጥ ለግለሰብ እንዳይሸጥ ታግዷል። የሰው ሕይወት የቀጠፈ ነገር ነውና ጋራዥ ጥግ ላይ ያረጀ ጣሳ ያለው ሰው ቢሰጥዎት እንኳ እንዳይቀበሉ።

ቅቡ ከተነሳ በኋላ በ80 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት ይጀምሩ፣ በ120 ይቀጥሉ፣ በ180 ይጨርሱ። ሁልጊዜ በጅማቱ አቅጣጫ። ከዚያ በላይ ማለስለስ ትርፍ የለውም፤ ቫርኒሹ የሚይዘው ትንሽ ሸካራነት ይፈልጋል። የቲክ ብናኝ አፍንጫና ቆዳ ስለሚያስቆጣ ጥሩ ማስክ ያድርጉ።

አሁን ቅባቱን ማንሳት ነው። ነጭ ጨርቅ በአሴቶን አርሰው ይጥረጉት። ጨርቁ ላይ ቢጫ ቡናማ ነገር ሲወጣ ያያሉ። ያ የቲኩ ቅባት ነው። ጨርቁን እየገለበጡና እየቀየሩ ንጹሕ እስኪወጣ ይድገሙት። ከዚያ ሳይዘገዩ፣ አሴቶኑ እንደተነነ፣ የመጀመሪያውን እጅ ይቀቡ። አድሮ ከሆነ ቅባቱ ከውስጥ ተመልሶ ይወጣል፤ እንደገና መጥረግ ነው። ያለ ጓንት በእጅዎም አይንኩት።

የመጀመሪያው እጅ በጣም የቀጠነ መሆን አለበት። ሆላንድ የሚሠራው ኤፒፋነስ ለምሳሌ መጀመሪያ ግማሽ በግማሽ፣ ሁለተኛው ላይ 25 በመቶ፣ ሦስተኛው ላይ 15 በመቶ ገደማ በማቅጠኛ ይቀጥናል። ሌላ ከገዙ የጣሳውን ትእዛዝ ይከተሉ። ማቅጠኛውም የራሱ የፋብሪካው ቢሆን ይሻላል። አገር ቤት የለመድነው አኳራጅ ለብሩሽ ማጠቢያ ይሁንልዎ። ቀጭኑ እጅ ወደ ጅማቱ ይሰርጋል፤ የሚመጡት ሁሉ የሚቆሙት በእሱ ላይ ነው። በተለይ የሳንቃው ጫፍና ጫፍ፣ ጅማቱ የተቆረጠበት ቦታ፣ እንደ ገለባ ስለሚመጥ እስኪጠግብ ደጋግመው ይስጡት። ብዙ ጊዜ መላጥ የሚጀምረው ከዚያ ነው።

ጣሳውን አይነቅንቁ። አረፋ ይሆናል፣ አረፋው እንጨቱ ላይ ይደርቃል። በእንጨት በዝግታ ያማስሉት፣ የሚበቃዎትን ብቻ በወንፊት ወረቀት አጥልለው በኩባያ ይቀንሱ፣ ጣሳውን ይክደኑ። ውድ ብሩሽ ግድ አይደለም፤ አንድ ዶላር ገደማ የሚሸጠው የስፖንጅ ብሩሽ ለጀማሪ ይሻላል። ስስ ስስ አድርገው ይቀቡ። ሲቀቡ መብራት ወይም መስኮት ከፊት ለፊትዎ ይሁን፣ ያመለጠዎት ቦታ ደብዘዝ ብሎ ይታይዎታል። ቀብተው ያለፉበትን ቦታ ከሁለት ደቂቃ በኋላ ተመልሰው አይንኩ። ጉድለት ካለ ነገ በወረቀት ይታሻል። በእያንዳንዱ እጅ መሐል 24 ሰዓት ይስጡት፤ ከሁለተኛው ወይም ከሦስተኛው እጅ ጀምሮ በየመሐሉ በ220፣ ወደ መጨረሻው በ320 ቁጥር ወረቀት ያሹትና አቧራውን ይጥረጉ። ነጭ ዱቄት ከሆነ ደርቋል፣ ታሽቷል። ወረቀቱ ላይ እየተጣበቀ ከተንከባለለ አልደረቀም፤ አንድ ቀን ይጨምሩለት።

ጋራዡ ከ10 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች እንዳይሆን። ውሃ ማሞቂያ ወይም ሌላ እሳት ያለበት ጋራዥ ከሆነ ግን በአሴቶንና በቫርኒሽ እዚያ አይሥሩ፤ ትነቱ ይቀጣጠላል። ዘይት ወይም ቫርኒሽ የነካ ጨርቅ ተጨብጦ ቅርጫት ውስጥ ከተጣለም ማንም ክብሪት ሳይጭርበት ራሱ ሞቆ ሊነድ ይችላል። ይህ ተረት አይደለም፤ ቤት ያቃጠለ ነገር ነው። ጨርቁን ውጭ ዘርግተው ያድርቁት፤ ወይም ውሃ በሞላ ክዳን ባለው የብረት ጣሳ ውስጥ ይክተቱት።

ጀልባዋ ላይ ሆነው የሚቀቡት ነገር ካለ ደግሞ ጊዜ ይምረጡ። ኤፕሪል ላይ የኦክ ዛፍ ብናኝ ሁሉንም ነገር ቢጫ ያደርገዋል። ጁላይ ላይ ሙቀቱና እርጥበቱ ቫርኒሹን ከብሩሹ ሳይወርድ ያጣብቀዋል። የሜይ መጨረሻና ከሴፕቴምበር አጋማሽ እስከ ኦክቶበር ያለው ጥሩ ነው። ጠዋት ጤዛው ሙሉ በሙሉ ከደረቀ በኋላ ይጀምሩ፣ ከቀትር ብዙም ሳይርቁ ያቁሙ። ያልደረቀ ቫርኒሽ ላይ የማታ ጤዛ ካረፈ ብሩህነቱ በአንድ ሌሊት ይጠፋል፣ እንደ ጭጋግ ይሆናል። የወረቀት ፕላስተሩንም ለሳምንት አይተዉት፤ ቅቡ እንደረጋ ቀስ ብለው ያንሱት።

ከቅብ ሁሉ ግን ጥላ ይበልጣል። የውጭ ሸራ የሚሰፋ ሰው ፈልገው ለመሪው እጀታ ከረጢት፣ ለእጅ መያዣዎቹ ሽፋን ያሰፉ። በማይወጡባቸው ቀናት ያልብሷቸው። ፀሐይ ያላየው ቫርኒሽ ከአንድ ዓመት በላይ ሳይነካ ይቆያል። ለቅብ ከሚያወጡት ገንዘብ የተወሰነውን ወደዚህ ቢያዞሩት አይቆጭዎትም።

ይህ ሁሉ ምክር ግን እንጨቱ ቲክ ከሆነ ነው። ሁሉም ክፍል ቲክ መሆኑን ያረጋግጡ። ከማይታይ ቦታ በምላጭ ትንሽ ፋቅ ያድርጉ። ወርቃማ ቡናማ ሆኖ፣ ጣትዎ ላይ ቅባታማ ከሆነና የቆዳ ዓይነት ሽታ ካለው ቲክ ነው። ቀላ ያለና ደረቅ ከሆነ ማሆጋኒ ሊሆን ይችላል፤ ማሆጋኒ ሳይቀባ ውጭ አይተውም፣ ይጠቁራል፣ ውሎ አድሮም ይበሰብሳል። ሳንቃዎቹን ደግሞ ጠርዛቸውን ከጎን ይዩአቸው። ሽፋን በሽፋን የተደራረበ ከሆነ ላዩ ላይ ስስ ቲክ የተለጠፈበት ኮምፔንሳቶ ነው፤ የዚያ ዘመን ጀልባዎች ላይ በብዛት አለ። ያ ስስ ቲክ ከአንድ ሚሊሜትር ሊያንስ ይችላል። 80 ቁጥሩን ወረቀት ይተዉትና በ120 በእጅዎ ብቻ፣ በማሽን ሳይሆን፣ ቀስ ብለው ያሹት። ቀለሙ ድንገት ሲነጣ ካዩ እዚያው ያቁሙ፤ ሥሩ ላይ ደርሰዋል።